የምንጭ ቦታ

ጎተራው አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ያስገባ ይጠራ።

ጎተራ ሲባል እህል የሚከተትበት እንዳይመስላችሁ። የመመረቂያ ጥናታቸውን የሚሠሩ ተማሪዎች በስልካቸው ላይ የከፈቱት ግሩፕ ነው። አንዷ ነርስነት ትማራለች፣ አንዱ እርሻ፣ አንዱ መንገድና ድልድይ፣ አንዷ ጋዜጠኝነት፤ የሚያጠኑት ነገር እንደ መልካቸው የተለያየ ነው። ግን ኢንተርኔት ላይ ሲያስሱ ለራሳቸው የማይሆን፣ ለጓደኛ ግን የሚበጅ ጽሑፍ ካጋጠማቸው ሊንኩን አምጥተው ጎተራው ውስጥ ይጥሉታል። ስለ ስንዴ ሲፈልግ ስለ ክትባት የተጻፈ ያገኘ ለነርሷ ያስገባል። ነርሷም ስለ ጎርፍ ያየችውን ለመሐንዲሱ ታስገባለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለካ ለሊንክም ይሠራል።

ታዲያ ሲወስዱ ፈጥነው ሲያመሰግኑ የሚረሱ እንዳይበዙ ነው ሕጉ የወጣው። ጥናቱ አልቆ ሲጠረዝ፣ ከፊት ባለው የምስጋና ገጽ ላይ ያስገባልህን ሰው ሁሉ በጎተራ ስሙ ትጠራዋለህ። የጎተራ ስም የሌለው ሰው የለም። የእኛዋ ልጅ ስሟ ምንጭ ነው። ማንም ምንም ይላክ፣ ከሰላምታ በፊት "ምንጩ?" ብላ ስለምትጠይቅ የወጣላት ነው። "ደህና አደራችሁ ያለ ሰው እንኳ ምንጩን ተጠይቋል" እያሉ ያሾፉባታል። እሷ አትቀየምም። የጋዜጠኝነት ጥናቷም ይኸው ነው፤ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ወሬ መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ ወደ ኋላ እየተከተሉ መያዝ።

ዛሬ ግን ምንጭ በንባብ ክፍሉ ጥግ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አንድ ገጽ ደጋግማ ታነባለች። ሰማያዊ ሽፋን ያለው የመሐንዲሱ ጥናት ነው። ነርሷ ናት ቅድም "ያንቺ ኮፒ" ብላ ጠረጴዛዋ ላይ ጥላላት የሄደችው። በከተማ ጎዳና ላይ የዘነበ ውሃ ወዴት እንደሚሄድና ለምን መንደር እንደሚያጥለቀልቅ የሚናገር ነው። ምንጭ ይህን ጥናት ከገዛ ጥናቷ እኩል ታውቀዋለች። ከሊንኮቹ እኩሌታውን ያስገባችው እሷ ናት።

የምስጋናው ገጽ ላይ ነርሷ አለች። የእርሻ ተማሪው ገበሬው አለ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱንም የማይከፈት ሊንክ ያስገባው ዘፋኙ እንኳ አለ። ምንጭ የለችም።

ገጹን ገለበጠች። ወደ ፊት ሄደች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች። የለችም። መጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ደግሞ፣ የተጠቀመባቸው ጽሑፎች ከተዘረዘሩበት በላይ፣ "የመረጃ ምንጮች" መባል የነበረበት ርዕስ "ምንጬ" ተብሎ ተጽፏል። "ፊደል እንኳ አላረመም!" አለች በልቧ። እጅ የለመደውን አይተውምና እርሳሷን አንስታ "ጬ" የምትለዋን ፊደል ከበበቻት፤ ከጎኗም "ምንጮች" ብላ ጻፈች። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠች። ዓይኗ ሞልቶ ጽሑፉ ይደበዝዝባት ጀመር።

ሌላ ሰው ቢሆን ረስቶ ነው ትል ነበር። መሐንዲሱ ግን እሷን የሚረሳ ሰው አይደለም፤ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። እንግዲያው ሆን ብሎ ነው።

የተዋወቁት በጥል ነበር። "የከተማችን ቱቦ ግማሹ የተደፈነ ነው" ብሎ ጎተራው ውስጥ ጻፈ። "ምንጩ?" አለች። "ዓይኔ" አለ። "ዓይን ሊንክ አለው?" አለችው። በማግስቱ ቦት ጫማ አድርጎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ንባብ ክፍሉ ድረስ መጣና ስልኩን ፊቷ አስቀመጠው። ሲያነሳ የዋለው የቱቦ ፎቶ ነው። "ይኸውልሽ ምንጩ" አለ። ፎቶውን አየች፣ ጭቃውን አየች፣ በመጨረሻም ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ ያን ቀን ገባባት።

የማን ልጅ እንደሆነ ያወቀችው ቆይታ ነው። አባቷ መነጽሩን ቤት ረስቶ ልታደርስለት እየሮጠች ስትመጣ፣ መኪናው ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሟል። አባቷ መሪውን ይዟል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ መሐንዲሱ ተቀምጧል። ለካ አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የሚያሽከረክርለት የትልቁ ተቋራጭ ልጅ እሱ ኖሯል! በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። በማግስቱ ግን መሐንዲሱ የፊተኛውን በር ከፍቶ ከአባቷ ጎን ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ተቀምጦ አያውቅም። "ይሄን ልጅ ምን ነካው?" ይል ነበር አባቷ ራት ላይ። "እንደ ረዳት ከጎኔ አልጠፋ አለ እኮ!" ምንጭ ሳቋን በውሃ ታወራርደዋለች።

ሳቁ ያበቃው ባለፈው ሳምንት ነው። እትዬ፣ የመሐንዲሱ እናት፣ ምንጭን ከግቢው አስጠርተው መኪናው ውስጥ ከጎናቸው አስቀመጧት። አባቷን "አንድ ጊዜ ውረድልን እስቲ" አሉት። ወርዶ ውጭ ቆመ። እትዬ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

"አባትሽን ስንት ዘመን ነው የምናውቀው" አሉ፣ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እያስተካከሉ። "እንደ ቤተሰብ ነው። አንቺም ጎበዝ ነሽ አሉ፤ ደስ ይለናል። ግን ልጄ፣ ሁሉም ነገር በቦታው ሲሆን ነው የሚያምረው። አይደለም እንዴ?"

"የኔ ቦታ የት ነው እትዬ?"

እትዬ ፈገግ አሉ እንጂ አልመለሱላትም። መልሱ ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ ነበር፤ በገዛ ልጁ ላይ የሚባለውን ሳይሰማ፣ መንገዱን እያየ።

እንግዲህ ይህ ገጽ የእትዬ ቃል ታትሞ የወጣ መሰላት። ልጁም ተስማምቷል ማለት ነው። ጓዳ ሲሆን "የኔ ምንጭ"፣ አደባባይ ሲሆን ባዶ ቦታ! የሰውን ወሬ ሁሉ ከየት መጣ እያለች የምታፋጥጥ ልጅ፣ የገዛ ልቧ ሲያወራላት ምንጩን ሳትጠይቅ አመነች። ስልኳን አወጣችና ከጎተራው ወጣች። አንድ ቦታ መንካት ብቻ ነው፤ ግን ከቤቷ የወጣች ያህል ሆድ ባሳት።

*

መሐንዲሱ በማግስቱ ኮሪደር ላይ ደረሰባት። እየሮጠ ነው የመጣው፤ ትንፋሹ ገና አልተመለሰም።

"አንቺ! ስልክ አታነሺም፣ ከጎተራው ወጥተሻል። ምን ሆነሽ ነው?"

"እንደምን ዋሉ?" አለችው።

መሐንዲሱ የትኛውን ሽማግሌ ሰላም እንዳለች ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም።

"እርስዎን ነው" አለች።

ለማያውቁት ሰው "እርስዎ" ማለት አክብሮት ነው። "አንተ" እና "አንቺ" ተባብለው በከረሙ ሁለት ሰዎች መካከል ሲገባ ግን በርን በሰው ፊት መዝጋት ነው። መሐንዲሱ በጥፊ የተመታ ይመስል ጉንጩን ዳሰሰ።

"ተይ እንጂ! ምን አጠፋሁ?"

"እርስዎ ምንም አላጠፉም። ሁሉም በቦታው ሲሆን ነው የሚያምረው። እኔም ወደ ቦታዬ ሄጃለሁ።"

ፊቱ ተለወጠ። ይህችን አነጋገር ያውቃታል። አፉን ከፈተ፣ መልሶም ዘጋው። ምንጭ ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረችበት።

"ማነው እንዲህ ያለሽ?" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

"መጽሐፍዎ።"

ብላው አለፈች። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ጫማዋ ወለሉን ቋ ቋ እያደረገ ሄደች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ቁጭ አለች። የሚያያት ስላልነበረ ኩራቷ አልተነካም።

ትንሽ ቆይቶ ነርሷ ዳቦ እየገመጠች መጣችና ከጎኗ ዘፍ አለች። ነርሷ ጉንጨ ሙሉ፣ ሳቂታ፣ ሰው ሳይጠራት የምትደርስ ልጅ ናት። ነገሩን ሰምታ ግማሹን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት።

"ጠየቅሽው?"

"ምኑን ነው የምጠይቀው? በዓይኔ አየሁት እኮ።"

"ዓይን ሊንክ አለው?" አለች ነርሷ።

ምንጭ ዞር ብላ አፈጠጠችባት።

"አታፍጥጪብኝ፤ የራስሽ ቃል ነው። እኛ ጋ በሽተኛው የት እንዳመመው ሳይጠየቅ መርፌ አይወጋም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው እናቴ። ሂጂና ጠይቂው።"

"አልጠይቅም" አለች ምንጭ። "ስሜን ለምኜ አላስጽፍም።"

ነርሷ ሳቅ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ምንጭ ዳቦውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ሄዶ መጠየቅ እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነበር! ግን ስትጠይቀው "አዎ፣ አፍሬብሽ ነው" ቢላትስ? ይህን ከአፉ ከምትሰማ ሳታውቅ መኖርን መረጠች።

*

ማምሻውን አባቷ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውላል። ነገ ምንጭና የጎተራ ጓደኞቿ ጥናታቸውን በትልቁ አዳራሽ ያቀርባሉ።

"እትዬም የልጃቸውን ሊያዩ ይመጣሉ" አለ። "እኔ ነኝ የማመጣቸው።"

"ትገባለህ አይደል አባዬ?"

"በሩ ጋ እቆማለሁ። ከበር እኮ ጥሩ ይሰማል። ያረጀው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ ገና ነው።"

"የሰው ሁሉ ወላጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንተ ልትቆም?"

"እና እማዬ፣ እትዬ በተቀመጡበት አዳራሽ ገብቼ ከጎናቸው ልቀመጥ?" ብሎ ሳቀ። "መኪናው ውስጥ ይበቃኛል። እዚያ እኔ ፊት ነኝ፣ እሳቸው ኋላ። በየቀኑ እቀድማቸዋለሁ!"

ብቻውን ሳቀ። ምንጭ ግን ጫማውን ነው የምታየው። አንዱን ጨርሶ ሁለተኛውን ይዟል፤ ተረከዙን፣ ስፌቱን፣ የማሰሪያውን ቀዳዳ ሳይቀር ያብሳል። በር ላይ ለሚቆም ሰው እንዲህ ያለ ጫማ አያስፈልግም። አባቷ መግባት ይፈልጋል። የሚያስገባው ነው ያጣው።

አንዱን ምኞቷን መሐንዲሱ ወስዶባታል። ይህኛውን ግን ለማንም እንደማትለቅ ለራሷ ነገረችና፣ ከጎኑ ተቀምጣ ሁለተኛውን ጫማ ከእጁ ተቀብላ ትወለውል ጀመር።

*

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እትዬ ከፊት መስመር ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ባለው ወንበር ላይ የእጅ ቦርሳቸው ተቀምጧል፤ ሰው ቢመጣም የሚነሳ አይመስልም። ከኋላ፣ ወለል ብሎ በተከፈተው በር ላይ፣ አባቷ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ አንጠልጥሎ ቆሟል።

የምንጭ ተራ ቀደመ። ወደ መድረኩ ስትወጣ መሐንዲሱን አላየችውም፤ ላለማየትም ብዙ ደክማለች። መናገር ስትጀምር ግን ሁሉንም ረሳችው። በከተማው ውስጥ ስለተዛመተ አንድ ወሬ ነበር የምታወራው። ትልቁ ድልድይ ሊወድቅ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ በሩቅ ሲዞር የከረመበት ወሬ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ ተከትላ ሄዳ፣ በመጨረሻ የያዘችው አንድ አርፋጅ ሠራተኛ ለአለቃው የፈጠራትን ሰበብ ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፈታኙ መምህር፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የሚያዩት ሽማግሌ፣ እሳቸውም ሳቁ።

"ድልድዩ ጤነኛ መሆኑን የሚያሳየውን የምርመራ ዘገባ ፈልጎ ያስገባልኝ መሐንዲሱ ነው" አለች። ያስገባ ይጠራ፤ ሕጉን እሱ ቢሽረው እሷ አትሽረውም። ከፊቷ ሆኖ አንገቱን ሲያቀረቅር በዓይኗ ጠርዝ አየችው።

"አንድ ጥያቄ" አሉ መምህር። "ያን ሁሉ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ወሬው ከየት መጣ ብሎ ያልጠየቀው ለምን ይመስልሻል?"

"ሰው የሚፈራውን ነገር ሲሰማ ምንጩን አይጠይቅም መምህር" አለች። "ቀድሞም በልቡ ስለነበረ ያወቀው..."

ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። የገዛ ንግግሯ ለገዛ ጆሮዋ ደረሰ። እትዬ መኪና ውስጥ ካስቀመጧት ቀን ጀምሮ ስትፈራው የነበረውን ነው አንድ ገጽ ላይ ያነበበችው። አልጠየቀችም። ከድልድዩ ርቀው ከሚዞሩት ሰዎች በምን ትሻላለች? ያን ጊዜ መሐንዲሱን አየችው። እሱም እያያት ነበር፤ ዓይኑ ቁጣም ሐፍረትም የለበትም።

"...ያወቀው ይመስለዋል" ብላ ጨረሰች፣ ቀስ ብላ።

ጭብጨባው ከወዲህም ከወዲያም ተነሣ። ከሁሉም መካከል አንድ ጭብጨባ ለይታ ሰማች። ከበሩ በኩል ነው የሚመጣው፤ ቁልፍ ስለያዘ ይንሿሿል።

*

መሐንዲሱ ስለ ቱቦና ስለ ቦይ ተናገረ፤ ካርታውን አሳየ፣ የተጠየቀውን ሁሉ መለሰ። ምንጭ ግማሹን አልሰማችም። ሲያልቅ ፊቱ ሄዳ "ይቅርታ" እንደምትለው ወስናለች፤ የሚላትን ይበላት። መምህር ወረቀታቸውን ሲሰበስቡ ግን መሐንዲሱ ከመድረኩ አልወረደም።

"መምህር፣ ከመውረዴ በፊት አንድ እርማት አለኝ" አለ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። "ይህ እርስዎ በቀይ ብዕር አርመው የሰጡኝ ረቂቅ ነው፤ የምስጋናው ገጽ። ጓደኞቼን ጠርቼ ስጨርስ 'ከሁሉም በላይ ግን ምንጬ' ብዬ ነበር። እርስዎ 'ከሁሉም በላይ ግን' የሚለውን ሰርዘው፣ 'ምንጬ'ን ከብበው፣ 'ምንጭ ቦታው መጨረሻ ገጽ ነው' ብለው ቀስት አድርገውበታል። ጽሑፉን የተየበችልኝ ጸሐፊም ቀስቱን ተከትላ ወስዳ የዝርዝሩ ርዕስ አደረገችው። እኔ ደግሞ ለጠራዡ ለማድረስ ስቸኩል ገልጬ አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

መምህር መነጽራቸውን አወለቁ። "ለተማሪ ሁሉ የምጽፋት ናት እኮ እሷ!" አሉ። "ቦታዋን የሳተች መስላኝ ነዋ!" አዳራሹ በሳቅ ደመቀ።

ምንጭ አልሳቀችም። በእርሳስ ከብባ ያረመቻት ፊደል ፊቷ ላይ ተደቀነች።

"ልክ ነዎት መምህር፤ የመረጃ ምንጭ ቦታው መጨረሻ ነው" አለ መሐንዲሱ። "ይህች ምንጭ ግን ሰው ናት። ትናንት ኮሪደር ላይ 'እርስዎ' ስትለኝ ነው መጽሐፉን የገለጥኩት። ሮጬ ሄጄ በጆሮዋ ልነግራት ነበር፤ ግን በአደባባይ የተዘለለ ስም በጓዳ አይመለስም ብዬ እስከ ዛሬ ጠበቅሁ። እኔ ውሃ ነው ያጠናሁት። ቱቦ ተከትያለሁ፣ ቦይ ተከትያለሁ፣ ወንዝ ተከትያለሁ። ምንጭ መጨረሻ ላይ ሆኖ አላየሁም። የምንጭ ቦታው መጀመሪያ ነው።"

ሳቁ ቆመ። መሐንዲሱ ወደ ፊተኛው መስመር ዞረ።

"እማዬ፣ ሁሉም በቦታው ሲሆን ነው የሚያምረው እያልሽ ነው ያሳደግሽኝ። ይኸው፤ በቦታዋ አስቀመጥኳት።"

እትዬ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ናቸው። እጃቸው ብቻ ቦርሳቸው ላይ ተንቀሳቀሰ።

"እና ማን ናት ይህች ምንጭ?" አሉ መምህር። "እስቲ ትነሣና እንያት።"

ምንጭ ተነሣች። ከቀናት በፊት ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። አሁን ግን እንዲህ ቀና ብላ ቆማ አታውቅም።

"እኔ ነኝ" አለች። "መምህር፣ ስሙ የወጣልኝ የሁሉንም ነገር ምንጭ ስለምጠይቅ ነው። እንግዲያው የራሴንም ልናገር። ምንጬ በሩ ላይ ቆመዋል። አባቴ ናቸው፤ ሹፌር ናቸው። እኔ እዚህ አዳራሽ እንድገባ ስንት ዘመን ሰውን አድርሰው ውጭ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው።" ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። "የእኛ ሕግ ደግሞ ያስገባ ይጠራ ነው።"

"ይጠራ!" አለች ነርሷ ከመሃል፣ ዳቦ በሌለበት አፏ።

"ይጠራ!" አለ ገበሬው። ዘፋኙም፣ ሌላውም የጎተራ ልጅ ሁሉ ተነሥቶ "ይጠራ!" አለ።

አባቷ ማን እንደተጠራ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው ባዶ ኮሪደር ነው። ተመልሶ ሲዞር አዳራሹ ሙሉ እሱን ያያል። ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ መልሶ አወጣ፣ እንደገና ከተተ። መግባቱ ጨነቀው፤ መመለሱም አልሆነለትም።

ያን ጊዜ እትዬ ማንንም ሳያዩ ቦርሳቸውን ከወንበሩ ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

"ምን ትቆማለህ?" አሉ። ድምፃቸው ማርም እሬትም አልነበረበትም። "ልጅህ እየጠራችህ ነው። ና ተቀመጥ።"

አባቷ በወንበሮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ መጣ። ሰው ጭብጨባውን አልተወለትም። ምንጭ እንባዋን አልጠረገችውም፤ ማንም ያየው፣ የሚያሳፍር እንባ አይደለም። የተወለወለው ጫማ በአዳራሹ መብራት ስር ያበራል። ከፊት መስመር ደርሶ፣ ኮቱን ሰብስቦ፣ እንደ ማንኛውም የተመራቂ አባት ተቀመጠ።

*

ሰው ሲበተን መሐንዲሱ ከመድረኩ ጎን ቆሞ ጠበቃት። ምንጭ ሰማያዊውን መጽሐፍ ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች።

"ይቅርታ ልል ነበር" አለች።

"ለማን?" አለ። "ለዚያ 'እርስዎ' ለምትይው?"

"እንዳታሾፍብኝ! መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።"

"እኔም መጽሐፉን መግለጥ ነበረብኝ፣ አልገለጥኩም። አሁን በምን ልትጠሪኝ ነው? እሱን ንገሪኝና ሌላውን እተወዋለሁ።"

ምንጭ ዙሪያዋን አየች። እትዬ በሩ ላይ ሆነው ከመምህር ጋር ያወራሉ፤ ወዲህም ያያሉ። ድሮ ቢሆን ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር።

"አንተ" አለችው፣ ማንም ሊሰማው በሚችል ድምፅ።

ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኖ የመጣ ቀን እንዳየችው ዓይን ነው፣ አልተለወጠም።

"እስቲ እኔም ልየው" አለ አባቷ፣ ከኋላቸው ደርሶ። ሁለቱን በተራ አየና መሐንዲሱ ላይ ሲደርስ ቆየት አለ። "አንተ ልጅ፣ ፊት ወንበር የወደድከው ለዚህ ኖሯላ!"

መሐንዲሱ እንደ ሕፃን ልጅ አንገቱን ደፋ። "አዎ ጋሼ።"

አባቷ መጽሐፉን ተቀበላትና መነጽሩን አደረገ። ምንጭ መጨረሻውን ገጽ ገለጠችለት። ጣቱን ከፊደሉ ስር እያስኬደ አነበበ።

"ምን...ጬ። ምንጬ ይላል።" ከጎኑ ያለውን የእርሳስ ጽሑፍ አየ። "እንዴ፣ እዚህ ጋ የተከበበ ነገር አለ። የልጄ እጅ ጽሑፍ ነው ይሄ፤ ስህተት ነው እንዴ?"

ምንጭ ላጲሷን አወጣችና የእርሳሱን ምልክት አሸችው፣ ደግማ አሸችው፣ ክቡም እርማቱም ጠፍቶ ወረቀቱ ላይ ያቺ አንዲት ቃል ብቻዋን እስክትቀር ድረስ።

"አይ አባዬ" አለች። "ትክክል ነው።"